ስልክ ካልተከፈተ አፍ አይከፈትም

የድሮ እናት ልጇ አልበላ ሲላት ጅብ ትጠራ ነበር። «አያ ጅቦ፣ ና! አልበላም ያለ ልጅ እዚህ አለልህ!» ትልና በሩን በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። ልጁ ሁለት ጉርሻ በአንዴ ይውጣል። ዘዴው ወጪ የለው፣ ቻርጅ የለው፣ ኔትወርክ የለው። ጅቡም ጨዋ ነበር፤ በየማታው ይጠራል እንጂ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። የዛሬን ልጅ ግን በጅብ ማስፈራራት ቀርቷል። አንዲት ጎረቤታችን በቀደም ብትሞክረው፣ የሦስት ዓመት ልጇ ስልኳን አቀበላትና «አሳዪኝ» አላት። አሳየችው። ወደደው። «ሌላ ጅብ» አለ። ራቱን የጨረሰው አሥራ አንደኛው ጅብ ላይ ነው ብላ ትምላለች።

በእኛ ኮንዶሚኒየም ትንንሽ ልጆች የሚበሉት በስልክ ነው። ሥርዓትም አለው። ስልኩ ፔርሙስ ላይ ይደገፋል፤ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ ዩቲዩብ ሲከፈት አፍ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ሽሮ ይሁን ገንፎ፣ ፍርፍር ይሁን መኮሮኒ ልጁ አያጣራም። ኔትወርክ ሲቆም ማኘክ ይቆማል። ማስታወቂያ ሲመጣ ለቅሶ ይመጣል። አጉራሿ እጇ ወጥ ስለነካ ማስታወቂያውን የምታሳልፈው በክርኗ ነው፤ ይህን ሙያ የተካነች ሞግዚት በቀላሉ አትገኝም። የሕፃናት ሐኪሞች በዚህ ደስ አይላቸውም። ልጅ ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ ሲበላ ጥጋቡን አያዳምጥም፤ ምግቡን ነክቶ፣ አሽትቶ፣ ሲያሻው ተፍቶ መተዋወቅ ሲገባው ሳያየው ያልፋል ይላሉ። የሕንፃችን እናቶች ለዚህ ምላሻቸው አጭር ነው፦ «ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ያጉርሰው።»

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሳይመጣም ቢሆን መመሪያ ልኳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት ባወጣው ምክር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ካነሰም ይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። እዚያው ላይ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለበት፣ የሦስትና የአራት ዓመቱ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው ተጽፏል። ባለቤቴ ይህን አንብባ በጣም ደነገጠችና ወዲያው በቴሌግራም ላከችልኝ። ሁለታችንም ሳሎን ነበርን።

በዚያው ማታ አዋጅ ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማሙሽ ስልክ የሚያየው አንድ ሰዓት ብቻ ነው!» ማሙሽ የሦስት ዓመት ተኩል ሰው ስለሆነ አዋጁን የተረጎመችለት አሥራ አምስት ዓመት የሞላት እህቱ ናት። እሷም ለታናሿ ጠበቃ ቆማ፣ «አንድ ሰዓት ብቻ ማለት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ማለት ነው» ብላ ፈታችለት። ከጠዋት እስከ ምሽት አንድ ሰዓት ድረስ አየ። ሕጉን አልጣሰም። እንዲህ ያለ የሕግ ክፍተት እንዴት እንደሚደፈን ስንከራከር ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ደቂቃውን ማን ይቆጥራል? እኔ ሥራ ነኝ፣ ባለቤቴ ሥራ ናት፣ ሞግዚቷ ልጁ ስልክ ሲይዝ ነው ልብስ የምታጥበው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ልብስ እጥበቱ ያለው ነገር የለም።

በዚህ መሀል እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። የልጅ ልጇን ናፍቃ፣ ቆሎዋን ቋጥራ፣ ቅቤዋን አንጠልጥላ። ማሙሽ በበኩሉ እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ ቀለማትን በሙሉ በአሜሪካኖች ቅላጼ ይጠራል። እንግዳ ሲመጣ እናሳየው የነበረው እንደ ትልቅ ንብረት ነው። እናቴ ገብታ ሳትቀመጥ ማሙሽ ሶፋው ላይ ቆሞ «ኦ ኖ! ዊ ኒድ ሄልፕ!» አለ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«እርዳታ እንፈልጋለን ነው የሚለው፣ እማማ» አለች ትልቋ።

እናቴ ዱላዋን አንሥታ ብድግ አለች። «ማን ነካው?»

ለጥቂት ቀናት አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙት በአስተርጓሚ ሆነ። «ራበህ ወይ በዪው» ትላለች፤ እህቱ ትተረጉማለች። እናቴን የገረማት ግን እንግሊዝኛው አልነበረም። «እንዲያው ይህ ልጅ ይናገራል እንጂ አይጫወትም» አለችኝ አንድ ቀን። «ተናግሮ መልስ አይጠብቅም። ለማን ነው የሚያወራው?» እውነቷን ነበር። ማሙሽ ስልኩ የሚለውን ይላል፤ ስልኩ ደግሞ ማሙሽ ምን እንዳለ ሰምቶት አያውቅም።

ይህን የእናቴን ትዝብት የሲያትሏ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩል በሌላ መንገድ ደርሳበታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ሰብስባ፣ ቻይንኛ ተናጋሪዎች መጽሐፍ እያነበቡላቸውና በመጫወቻ እያጫወቷቸው 12 ጊዜ አስተናገደቻቸው። ለሌሎች ሕፃናት ደግሞ እነዚያኑ ተናጋሪዎች፣ ያንኑ ጨዋታ፣ በቪዲዮ አቀረበችላቸው። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩት ግን ቻይንኛ ጨርሶ ሰምተው ከማያውቁት ሕፃናት አልተሻሉም። ሕፃን ቋንቋን የሚለቅመው ዓይን ዓይኑን ከሚያይ፣ ተራውን ከሚጠብቅለት፣ «አቡ!» ሲል «አቡዬ!» ከሚለው ሰው ነው። ካደገ በኋላ ከስክሪንም ቃላት ይማራል፤ ማሙሽ ለዚህ ምስክር ነው። ቀለም መጥራትና ወግ መጠረቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝና፣ «አባዬ፣ እናንተስ ቴሌቪዥን እያያችሁ አይደል ያደጋችሁት?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህም አናደደኝ።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ማለት ነው፣ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በተረት አሳድገውበታል። እውነት ነው፣ እኛም አፍጥጠን አይተናል። ነገር ግን ያየነው እንዴት ነበር? ቴሌቪዥን ያለው በሰፈር አንድ ቤት ነው። እዚያ ለመግባት እግር መታጠብ አለ፣ ወለል ላይ መቀመጥ አለ፣ ለባለቤቲቱ እጅ መንሣት አለ። ሃያ ልጅ በአንድ ሳሎን ይጠቀጠቃል። ተረቱ ሲነገር አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ «ቀጥሎ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያበላሻል፣ በኩርኩም ይቀጣል። የወላጅ መቆጣጠሪያ የሚባለውን ነገር ዛሬ በስልክ ላይ እንጭናለን፤ ያኔ የተጫነው የቤቲቱ እመቤት እጅ ላይ ነበር፣ ነጠላ ጫማ ይባላል። ዋናው ነገር ግን ፕሮግራሙ ያልቅ ነበር። ሲያልቅ ውጡ እንባላለን። ወጥተን ያየነውን ሜዳ ላይ እንጫወተዋለን፤ አንዱ አንበሳ ይሆናል፣ አንዱ ጦጣ፣ ደካማው ሁልጊዜ አህያ።

ኋላ የመጣችው ቀጭኔዋ ፀሐይም፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው፣ በአማርኛ ነው ስለ ጤናም ስለ ፊደልም ከልጆች ጋር የምታወጋው። ስክሪን ሁሉ አንድ አይደለም ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ናት። እሷም ታዲያ ሰዓቷ ሲደርስ ትሰናበታለች።

የዛሬው ስልክ የማያውቀው መሰናበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ገጽ ሳይገለጥ ወደ ታች እየተሳበ ማብቂያ የሌለው ንባብ የሚመጣበትን ዘዴ አመነጨ። ኋላ ላይ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ቡና እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ በረካው ሲጠጣ እንግዳ ተመርቆ ይነሣል። ይህኛው በረካ የሌለው ቡና ነው። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ቀጣዩ ሳይጠራ ይመጣል፣ ልጁም የሚነሣበት ደቂቃ አይኖረውም። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ጋዜጠኛ ልጆቹ አይፓዱን ወደዱት ወይ ብሎ ቢጠይቀው አልተጠቀሙበትም፣ ቤት ውስጥ ቴክኖሎጂን እንገድባለን ብሎ መልሶለታል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ሰውዬው አዋጁን ያወጣው ከሞግዚት ጋር ተማክሮ መሆን አለበት» አለች።

ወደ ትልቋ ልጃችን እንምጣ፤ እሷ ራሷ ወደ ሳሎን ስለማትመጣ። የእሷ ዓለም ቲክቶክ ነው፤ ሰዓቱም ሌሊት። ለምን ሌሊት ትነቂያለሽ ስላት የሰጠችኝ መልስ የኢኮኖሚ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ነው፤ እንቅልፍ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ነጻ ነው። ስለዚህ ሌሊት መተኛት ኪሳራ ነው። ሂሳቡ ላይ ስህተት ፈልጌ አጣሁ። ስህተቱ ያለው አካል ውስጥ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የስልክ ብርሃን ማታ ዓይን ውስጥ ሲገባ አእምሮ ገና ቀን ነው ብሎ ያስባል፤ እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን ዘግይቶ ይመጣል። በዚያ ላይ ማን ምን አለ፣ ማን ማንን ላይክ አደረገ የሚለው ነገር ብርሃንም ባይኖረው አያስተኛም። ሌሊት ሰባት ሰዓት የተኛች ልጅ የትምህርት ቤት ሰርቪስ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጥሩምባውን ሲነፋባት በአካል ትሳፈራለች፤ ቀሪዋ አልጋ ላይ ናት። ፊዚክስ የሚማረው የተሳፈረው ክፍል ብቻ ነው።

ባለቤቴና እኔ ይህን ይዘን ስንቆጣት ልጅቷ በአንድ ጥናት መታችን። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉት አሁን ነው። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350 ሺህ በላይ ወጣቶችን መረጃ መርምረው፣ በወጣቶች ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ከቴክኖሎጂ ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው አሉ። ለማነጻጸሪያም ድንች አመጡ፤ ድንች አዘውትሮ መብላት ከወጣቶች ደኅንነት ጋር ያለው ግንኙነት ከዚያ ብዙም አይርቅም። «ስልኬን ከመንጠቃችሁ በፊት ድንች ወጥ አቁሙ!» አለች። ወሩ የዐቢይ ጾም ነበር። ድንች ከቆመ ቤተሰቡ የሚበላው ምንድን ነው? ክርክሩን በረሃብ አሸነፈችን።

ነገሩ እዚያ አያበቃም። ጆናታን ኸይት የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መጽሐፍ፣ የልጆች ሕይወት ከሜዳ ወደ ስልክ ከተዛወረ ወዲህ ጭንቀትና ድብርት በዝቷል፣ ሴቶቹ ደግሞ ብሰውበታል ብሎ ይሟገታል። ሌሎች ምሁራን ማስረጃህ ይህን ያህል አይሸከምም ይሉታል። ምሁራኑ ሲሟገቱ መንግሥታት አልጠበቁም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት የኦንላይን ጌም የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ያውም ለ1 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደነገገች። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች፤ ቅጣቱም በልጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያው ላይ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲህ የስደት ዕቅዷን አሻሽላለች። «የትም አገር ቢሆን እሄዳለሁ» ትል የነበረችው፣ አሁን «ከአውስትራሊያ በቀር» ትላለች።

እኔ የድንቹን ጥናት አልጠላሁትም። አማካይ ግን ሁሉንም ልጅ በአንድ ድስት ይቀቅላል። ያቺ ሌሊቱን በስድብ ስታለቅስ ያደረች ልጅና ያቺ ሒሳብ በዩቲዩብ ያጠናች ልጅ ሲደመሩ፣ ሲካፈሉ፣ ምንም ያልሆነች አንዲት ልጅ ይወጣሉ። እንዲህ ያለች ልጅ በየትኛውም ቤት የለችም። ለዚህ ነው ስንት ሰዓት አየ ከሚለው ይልቅ ምን አየ፣ ምን ትቶ አየ፣ ይበልጥ ደግሞ ከማን ጋር አየ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው።

ከማን ጋር የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ታዲያ እኛ ትልልቆቹ ጉሮሯችንን መጥረግ እንጀምራለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በሕንፃችን የዕድር ስብሰባ ላይ «የልጆቻችን የስልክ ሱስ» የሚል አጀንዳ ተይዞ ነበር። ሰብሳቢው ንግግር ሲያደርጉ ከተቀመጥነው ግማሹ አቀርቅሮ ነበር፤ በሐዘኔታ መስሏቸው ንግግሩን አስረዘሙት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የቦስተን ጥናት እንዲሁ በፈጣን ምግብ ቤቶች ከልጅ ጋር የሚመገቡ 55 ትልልቅ ሰዎችን አስተውሎ 40ዎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ አግኝቷል። አንዳንዶቹ ከማዕዱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀና አላሉም።

ይህ ሕፃንን ምን ያደርገዋል ለሚል ሰው፣ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስማርት ስልክ ሳይታሰብ የሠራው ሙከራ አለ። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ትቆይና ድንገት ፊቷን ጸጥ አድርጋ እንድታየው ትደረጋለች። ሕፃኑ ፈገግ ይልላታል። እጁን ይዘረጋል። ይጮኻል። ሁሉም ካልሠራ ፊቱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ሙከራው የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ እናት ተመልሳ ታባብለዋለች። አባት ዜና ሲያነብ የሚያሳየውን ፊት ያየ ሁሉ ሙከራውን ለማወቅ ሲያትልም ቦስተንም መሄድ አያሻውም። የእኛ ማሙሽ ሁለት ጉንጬን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴን ወደ ራሱ የማዞር ዘዴ አለው፤ መሪ እንደሚያዞር ሹፌር ሳይሆን ክዳኑ እንደ ጠበቀበት ሰው ነው የሚታገለኝ።

እንዲህ ስል ስክሪንን ከነጭራሹ የሚያወግዝ እንዳልመስል፣ ከእኛ በታች ያለውን ቤት ልንገራችሁ። እዚያ የሚኖሩ አንዲት እናት የልጃቸውን ልጅ ያሳድጋሉ። ልጃቸው ኩዌት ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ማታ ማታ ኢሞ ይደወላል። ልጁ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አቁሞ ራቱን ከእናቱ ጋር ይበላል። ደብተሩን ያሳያታል፤ «ይህ ስምንት ነው ወይስ ዶሮ?» ትለዋለች። ጥርሱ መነቃነቁን ያሳያታል፤ ስልኩን አፉ ውስጥ ሊከተው ይደርሳል። ስትቆጣው ይፈራታል፣ ስትስቅ ይስቃል። አንዳንዴ አሠሪዋ ትጠራትና «መጣሁ» ብላ ትጠፋለች፤ እሱም ጣሪያ ጣሪያ እያየ ይጠብቃታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ከስክሪን እንዲርቁ ሲያሳስብ በቪዲዮ መነጋገርን ለይቶ የተወው ለዚህ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ የሚሰማውና የሚመልስለት ሰው አለ። ያ ልጅ ስክሪን ፊት ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ እናት አልባ የሚሆነው ግን ስክሪኑ ሲጠፋ ነው።

ሰው ከወዲያ ከሌለ ከወዲህ መኖር አለበት ማለት ነው። ከወዲህ ያለው ሰው ደግሞ የግድ ወላጅ አይደለም፤ ሌላ ልጅም ይሆናል። ልጆቹ አብረው የሚሆኑበት ቦታ ግን የታለ? የግቢያችን ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኳስ ክልክል ነው፤ መስታወት ይሰብራል። ብይ ክልክል ነው፤ ጉድጓድ ያበዛል። ሰኞ ማክሰኞ ክልክል ነው፤ ኖራው ንጣፍ ያበላሻል። ሩጫ አልተከለከለም፣ ግን የሚሮጥበት የለም። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቿን በቀን 120 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ በማድረግ፣ ለብዙ ዓመታት ሲጨምር የኖረውን የልጆች የዓይን መድከም ወደ ኋላ መልሳዋለች። የውጭው ብርሃን የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም ይረዳል ተብሎ ይታመናል። እኛ ልጁን ከሜዳው አባረን፣ ስልክ ሰጥተን፣ ኋላ መነጽር እንገዛለታለን። ሦስቱንም ወጪ እኛው እንችላለን።

መድኃኒቱን አንዳንዴ የሚሰጠን መብራት ሲጠፋ ነው። ዋይፋዩ ሲሞት በሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይከፈታል። ከየፎቁ ስማቸውን የማላውቃቸው ልጆች ይወጣሉ። በጨለማው ደረጃ ላይ ኩኩሉ ይጀመራል፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልዕልት ሳትቀር ትደበቃለች። ጩኸቱ ሕንፃውን ያናውጠዋል። ከዚያ አምፖሎቹ ቦግ ይላሉ፤ «መጣ!» የሚል እልልታ ይሰማል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረጃው ባዶ ነው። አንዳንድ ጊዜ እስከ ንጋት ያልተገኘ ተደባቂ ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ።

መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ግን ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የቤታችን አዋጅ ተሻሽሎ አንድ አንቀጽ ብቻ ቀረው፤ አርቃቂዋ እናቴ ናት። «ማንም ብቻውን አያይም። ስልክ የሰጠ ሰው አብሮ ይቀመጣል።» ሰዓት አይቆጠርም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። የመጀመሪያዋ ተቀማጭም እሷው ሆነች። ማሙሽ «ቤቢ ሻርክ» የሚባለውን ዘፈን ከፈተ። ይህ ዘፈን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በዩቲዩብ 10 ቢሊዮን ጊዜ ታይቶ በታሪክ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ያኔ የምድር ሕዝብ ገና 8 ቢሊዮን አልሞላም ነበር። ከዚያ ሁሉ ተመልካች እናቴ የጠየቀችውን የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

«ማሙሽዬ፣ ይህ ዓሣ ነው?»

«ሻርክ ነው።»

«ሻርክ ዓሣ ነው?»

ማሙሽ አሰበ። «ትልቅ ዓሣ ነው።»

«በጾም ይበላል?»

ማሙሽ ስልኩን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ የለም። «አይበላም፣ እማማ፣ እሱ ነው የሚበላው!» አለ፤ በጥርት ያለ አማርኛ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እያሳየ። እሷም ጦሙን ነው ወይስ አይጦምም ብላ ቀጠለች። ዘፈኑ ብቻውን ሲጨፍር ቆይቶ ጠፋ፤ ያስተዋለው አልነበረም። ትልቋ ጋ ደግሞ ባለቤቴ ገባች፤ ቲክቶኩን አብራት እያየች «ይቺ ልጅ ፀጉሯን ማን ሠራት? እናቷ ታውቃለች?» ስትል ልጅቷ ራሷ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ «እንተኛ በቃ» አለች። የሌሊቱ ጥቅል ሳያልቅ ነጋ።

አንቀጹ «ማንም» ስለሚል ቅዳሜ ዕለት እኔ ላይ ተተረጎመ። አርሰናል እየተጫወተ ነበር። በስልኬ ከፍቼ ጥግ ይዤ ሳለሁ እናቴ ነጠላዋን አደላድላ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ይህ ባለ ቀዩ ምን አድርጎ ነው እንዲህ የሚያሳድዱት?»

«ኳሱን ይዞ ነው።»

«ለሁሉም አንዳንድ ቢገዙላቸው ምን ነበረበት?»

«ጨዋታው እንደዚያ አይደለም፣ እማዬ።»

«እሺ፣ ያ ጥቁር የለበሰውስ ከማን ወገን ነው? ማንም አያቀብለውም እኮ። ቂም አለባቸው?»

እረፍት ሳይደርስ ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና፣ «በስንት ደቂቃ ዘጋ?» ብላ ጠየቀች፤ ልጄም ሰዓቷን አይታ «ከማሙሽ ይሻላል» አለቻት።